ባለቤቱ ያልቆመበት ጫማ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁም «እኛ እናውቀዋለን» ትሉና ጣጣ ውስጥ ትከቱኛላችሁ። ባሕር ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች በሉ። ቤቶቿ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ሰዎቿ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ደንቦቿ ግን ከዓሣዎቿ የበዙ ነበሩ።

ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። በዚያች ከተማ ልብስ አጥቦ ማስጣት ይፈቀዳል፤ የተሰጣው ልብስ ግን በነፋስ መውለብለብ የለበትም፤ መውለብለብ ለንጉሡ ሰንደቅ ብቻ የተሰጠ መብት ነውና። ስለዚህ ሴቶቹ በየቀሚሱ ጫፍ ድንጋይ ያንጠለጥሉ ነበር። የዓሣ ቅርፊት ሲፋቅ ጀርባን ለቤተ መንግሥቱ መስጠትም ክልክል ነው። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ከተራሮች ወዲያ፣ የአሥር ቀን መንገድ ርቆ ስለነበር በየት በኩል እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጠንቃቃዎቹ እየዞሩ ይፍቁ ነበር። አዲስ ደንብ በወጣ ቁጥር ለሕዝቡ ከተነበበ በኋላ ለባሕሩም ይነበብለታል። ሹሙ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው «ደንቡን አላውቅም ማለት አያድንም!» ይሉታል። ማዕበሉም መጥቶ የጫማቸውን ጫፍ ልሶ ይመለሳል፤ ይህም እንደ ፈረመ ተቆጥሮ ይያዝበታል።

ይህን ሁሉ ደንብ የሚያስከብረው ሰው ጓንጉል ይባል ነበር። አርባ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ድሮ መረብ ጠጋኝ ነበር፤ ግራ እግሩን በልጅነቱ ጀልባ ስለደቆሰው ያነክሳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ስትፈርዱበት እንድታስታውሱት ነው። መረብ የሚያስጠግን ሰው ሲጠፋ፣ የሚበላውም ሲያጣ፣ የደንብ አስከባሪ ቆብ ሰጡት፤ ፊሽካ ሰጡት፤ ጫፉ ላይ ሜንጦ ያለው ረጅም ዘንግም አስጨበጡት። ዘንጉ ለምን እንደሆነ ለመናገር የከተማዋን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያች ከተማ መርዶ የሚነግር ሰው አልነበረም። መርዶ ነጋሪው ባሕሩ ራሱ ነበር። አስጋሪ ወደ ጀልባው የሚገባው ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማው ቤቱ ይቀራል። ሄዶ ሦስት ጨረቃ ካልተመለሰ እናቱ ወይም ሚስቱ ጫማውን ወልውላ፣ ውሃው በሚደርስበት ጠርዝ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ከተማው አዙራ ታስቀምጠዋለች። ቢመጣ ከውሃው ወጥቶ እዚያው አጥልቆት ወደ ቤቱ እንዲገባ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ውሻ እንኳ አይነካውም ይላሉ፤ ስለ ውሻው እኔ ዋስ አልሆንም። ማዕበል ቢያርሰው፣ ፀሐይ ቢያደርቀው፣ ጫማው እዚያ እስካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። ታላቅ ሙላት መጥቶ ጫማውን ከወሰደው ግን ባሕሩ «ሰውየው እኔ ዘንድ ነው፣ ጫማውን ስጡኝ» ማለቱ ነው። ያኔ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እርም ይወጣል። ከዚያ በፊት ያለቀሰች እናት ልጇን በአፏ እንደገደለችው ይቆጠርባታል። ደግ ልማድ ነው አልልም። ግን ሰው ቁርጡን ያውቅበት ነበር።

ታዲያ በአንድ ዘመን እንዲህ ሆነ። ባሕር አይተው የማያውቁት ንጉሥ ባሕሩ አጥር እንደሌለው ሰሙ። «ወሰን የሌለው ርስት የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉና፣ እስከ ባሕሩ መጨረሻ ተሂዶ ችካል እንዲተከል አዘዙ። ውሃ ላይ ችካል አይቆምም ብሎ የተናገረ አልነበረም፤ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ተነሣ። ራሳቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች በጀልባዎቹ ተጫኑ፤ ከበሮ ተመታ፤ ጎረምሶቹ በጥቅምት ነፋስ እየዘፈኑ ወጡ። ጓንጉል በእግሩ ምክንያት ቀረ። የሄዱት አልተመለሱም፤ ወሬያቸውም አልተመለሰ። አንዳንድ ቀን ጠዋት ግን አንድ ራሱ ቀይ ችካል ብቻውን ተንሳፍፎ መጥቶ አሸዋው ላይ ይገኛል። ይህም በደንቡ «ትርፍ ችካል» ይባላል፤ ሥራው ተሳክቶ የተረፈ ማለት ነው።

ሦስት ጨረቃ እንዳለፈ ጫማዎቹ መውጣት ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ስድስት ነበሩ። ወሩ ሳያልቅ ዳርቻው ከዳር እስከ ዳር ሞላ። በረባሶው፣ ሸራው፣ የቆዳው፣ ተረከዙ ያለቀው፣ ገና ያልተጠገነው፣ ሁሉም አፍንጫውን ወደ ከተማዋ አዙሮ ቆመ።

የከተማዋ ሹም ሊቀ ዳርቻ ፈንታሁን ይባላሉ። ቁርሳቸውን ባሕሩን በሚያየው ሰገነታቸው ላይ መብላት ይወዱ ነበር። አንድ ጠዋት ጸሐፊያቸውን ልሳኑን ጠርተው «እነዚያ ጫማዎች ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጡት፤ እንቁላሉ አልወርድ አለኝ» አሉት። በማግሥቱ ደንብ ወጣ፦ «በዳርቻው ላይ ባለቤቱ ያልቆመበት ጫማ እንዳይገኝ። የተገኘ እንደሆነ ተነሥቶ ዕቃ ቤት ይግባ።» ምክንያቱም ተገለጸ፤ ንጉሡ አንድ ቀን ባሕር ለማየት ይመጡ ይሆናል። ልሳኑ ለሕዝቡ አነበበው፤ ለባሕሩም አነበበለት።

ዘንጉ ለዚህ ነበር። የጠፋ ሰው ጫማ በእጅ መንካት ነውር ነው፤ ሊቀ ዳርቻው ደግሞ ባህል አክባሪ ሰው ስለነበሩ በሜንጦ እንዲነሣ አዘዙ። ጓንጉል እያነከሰ በሁለት ቀን መቶ አሥራ ሁለት ጥንድ ለቀመ። ሴቶቹ ቆመው ያዩት ነበር። አንዳቸውም አልሰደቡትም። ትጓደድ የምትባል አራስ ብቻ፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ ጥቂት ተከተለችውና «የግራውን ማሰሪያ አደራ እንዳትበጥሰው፤ አንድ ጊዜ ተሰፍቷል» አለችው። ጓንጉል እሺ አላት።

ሴቶቹ ተሰብስበው ሊቀ ዳርቻው ዘንድ ቢሄዱ መልሱ አጭር ነበር። «ልጆቻችሁ ሥራ ላይ ናቸው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ጫማ ዳርቻ ላይ ምን ይሠራል?» ተባሉ። እነሱም ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በዚያች ከተማ ነጠላ ያዘቀዘቀ አልነበረም፤ ዘፈን የዘፈነም አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብለው ዓሣቸውን እየዞሩ ይፍቁ ጀመር።

ሌላው ሰው ሁሉ ጫማ ሲያወጣ እማማ የሻረግ አላወጡም ነበር። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ቢያድግልኝ ይባላል። ጫማውን አልጋቸው ሥር አስቀምጠው «ባሕሩን እኔ አልጠይቀውም፤ ካልጠየቅሁት አይነግረኝም» ይሉ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሰነበቱ። ኋላ ግን እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ጀመር። ያን ጊዜ ሐሳባቸውን ለወጡ።

ጓንጉል ያገኛቸው በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጠርዙ ላይ ተንበርክከው ጫማውን ሲያስተካክሉ ነው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አላቸው።

«የምታየውን።»

«ደንቡን እኮ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ባሕሩም ያውቃል፤ አንብባችሁለት የለም እንዴ?»

«ይተው እማማ፣ ያንሡት። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ ልለፍ፣ እርስዎ ያንሡት።»

እማማ የሻረግ መሬቱን ተደግፈው ቀና አሉ። ትንፋሻቸው ሲመለስ «ጓንጉልዬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ» አሉት። «እብጠቱ ከእግሬ ወደ ሆዴ እየወጣ ነው። መሞቱን አልፈራውም። ግን እኔ ከሞትኩ ለዚህ ልጅ ማን ያለቅስለታል? አባቱ የለ፣ እኅት የለው፣ ሚስት አላገባ። ካለ ጫማው ይጠብቀዋል። ከሌለም ቁርጤን ልወቅና እርሜን አውጥቼ ልሂድ። ሌላ ምን ጠየቅኋችሁ?»

ጓንጉል ወደ እግሩ ተመለከተ። ያቺን እግሩን የደቆሰው ጀልባ የእማማ የሻረግ ባል ጀልባ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ዘይት እያሞቁ ያሹለት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። ያለ እሳቸው እጅ ማነከስም አይችልም ነበር። ቀና ብሎ ወደ ሰገነቱ አየ፤ የሊቀ ዳርቻው የሩቅ ማያ መነጽር ብልጭ አለ። ጫማውን ትቶ መሄድ አልቻለም፤ ማንሣትም አልቻለም። ጨነቀው። ቆቡ ውስጥ አጥፎ የያዘውን ደንብ አውጥቶ አንድ ጊዜ አነበበ፤ ደገመው። ከዚያ ፊቱ በራ።

«እማማ፣ ይቁሙበት።»

«ምኑን?»

«ጫማው ውስጥ ይግቡ። የተከለከለው ባለቤቱ ያልቆመበት ነው። ቆመውበት እያዩ ማን ምን ይልዎታል?»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ እንዴ?»

«ወልደውት የለ?»

እማማ የሻረግ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። የራሳቸውን ጫማ አውልቀው፣ የጓንጉልን ትከሻ ይዘው ገቡበት። እግራቸው ያን ያህል አብጦ እንኳ ጫማው ሰፋቸው። ጓንጉል በብልሃቱ ኮራ። ያን ቀን ራቱን አጣጥሞ በላና ለሚስቱ «ደንብ እንደ መረብ ነው፤ ቀዳዳውን የሚያውቅ ያልፍበታል» አላት። ሚስቱ «ያለፈ ዓሣ ተመልሶ ነገረህ?» አለችው። እሱም ሳቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ የሻረግ ውሃው በሚሞላበት ሰዓት ይመጣሉ፤ የልጃቸውን ጫማ ያጠልቃሉ፤ ፊታቸውን ወደ ከተማው አዙረው ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆማሉ። ሲሄዱ ጫማውን አውልቀው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ይሄዳሉ። መንገደኛ ቆሞ ሰላም ይላቸው ጀመር። ሴቶቹም ሰበብ ፈልገው በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። ትጓደድ አንዳንዴ ሕፃኗን አሸዋው ላይ አስቀምጣ አጠገባቸው ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ግን እማማ የሻረግ ጓንጉልን ጠሩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ቆሜበት እያለሁ ባሕሩ ጫማውን እንዴት አድርጎ ይወስደዋል?»

ጓንጉል ይህን አላሰበበትም ነበር። እሱ ጫማውን ከሜንጦው አስጥሎ ነበር እንጂ ከባሕሩም እንዳስጣለው አልታየውም። አፈረና «በጳጉሜ ታላቁ ሙላት ይመጣል» አላቸው። «ውሃው ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ሲደርስ እግርዎን ያወጡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። የቀረውን ማዕበሉ ያውቃል።»

«እግሬን ሳወጣ ባለቤት ያልቆመበት ይሆናል። ያን ጊዜ አንተ በዘንግህ ታነሣዋለህ።»

«ያን ጊዜ ዘንጉን እጥለዋለሁ።»

«ትጥለዋለህ?»

«ቃሌ ነው እማማ። ይቺን እግሬን ያሹልኝ እርስዎ አይደሉም?»

እማማ የሻረግ አመኑት። ከዚያ በኋላ የነበራቸው አቅም ሁሉ ጳጉሜን ለመድረስ የሚውል ሆነ። ጎረቤት ሾርባ ይዞ ሲመጣ «ስጡኝ፣ ልጠጣ፤ ቀጠሮ አለኝ» ይሉ ነበር።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ባሕሩ ከሩቅ አብጦ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማማ የሻረግ ቦታቸውን ያዙ። ጓንጉልም ዘንጉን በቀላሉ ይዞ፣ ለመጣል ተዘጋጅቶ መጣ። ያላሰቡት ነገር ግን ደረሰ። ሊቀ ዳርቻ ፈንታሁን ወንበር አስይዘው፣ ጃንጥላ አስዘርግተው፣ ልሳኑን አስከትለው ከሰገነታቸው ወረዱ። ሁልጊዜ እዚያው ቆማ የምትውለዋ ሴት ነገር በመነጽራቸው ሲያዩት ከርመው ቆርቁሯቸው ኖሯል።

«ይህች ሴት የቆመችበት ጫማ የማን ነው?» አሉ።

«የልጃቸው ነው ጌታዬ» አለ ጓንጉል።

«ልጇ የት ነው?»

 ልሳኑ ወረቀቱን እያየ «ሥራ ላይ ነው» አለ።

«ሥራ ላይ ከሆነ ባለቤቱ አልቆመበትም ማለት ነው። ይነሣ!»

«እሺ ጌታዬ» አለ ልሳኑ፤ «ግን ሴትየዋ ቆማበታለችና ለማንሣት መጀመሪያ እሷን ማንሣት ይኖርብናል፤ ሰውን በሜንጦ ስለማንሣት ደግሞ ደንቡ የሚለው ነገር የለም።»

ሊቀ ዳርቻው ተበሳጩ። ነገሩ ይጠና ተባለ። የእማማ የሻረግ እግር ተለካ፤ ጫማው በአንድ ጣት ተኩል ይበልጣል። ልክ አለመሆኑ ባለቤት አለመሆንን ያሳያል ወይ ተብሎ ተከራከሩ። ወራሽ ናት እንዳይባል ልጁ ሞቷል ማለት ሊሆን ነው፤ የሞተ ደግሞ የለም። እንዲህ ሲሉ ውሃው እየቀረበ መጣ፤ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አሸሹት። በመጨረሻ ሊቀ ዳርቻው «ደንብ አላፈርስም» ብለው ፈረዱ። «እስከቆመች ትቁም። እግሯን ያወጣች እንደሆነ ግን ወዲያው ይነሣ። አንተ ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ቁም፤ ዘንግህን አስተካክል።»

ከዚያ ጓንጉልን ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በመስከረም ሌላ ጀልባ ይወጣል። ለመቅዘፍ እጅ እንጂ እግር አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እስካሁን እኔ ነኝ ይቅር ያልኩህ» አሉት።

ከተማው ሁሉ ወጥቶ ከኋላ ቆሟል። ውሃው የእማማ የሻረግን ቁርጭምጭሚት ነካ።

«እማማ፣ አሁን» አለ ጓንጉል በሹክሹክታ።

እማማ የሻረግ ዞር ብለው አዩ። ያዩት ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር።

«ዘንጉን ይዘኸዋል።»

«ይምጡ ግድ የለም፤ ወደ ኋላ ይበሉ።»

«ጣለውና እመጣለሁ።»

ውሃው ወደ ጉልበታቸው ወጣ። ቀሚሳቸው ዙሪያቸውን ተንሳፈፈ። ጓንጉል ሊጥለው ፈለገ፤ ይህን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው፤ ግን እውነት ፈልጎ ነበር። ጣቶቹ ግን አልፈታ አሉት። ከኋላው የሊቀ ዳርቻው ዓይን፣ ከፊቱ የመስከረም ጀልባ ነበረ። ትንሽ ብጠብቅ ማዕበሉ ራሱ ያወልቅላቸዋል፣ ትንሽ ብጠብቅ ሰውየው ሰልችተው ይሄዳሉ፣ እያለ አሰበ። እናንተ ትጥሉት ነበር? እኔ እንጃ። ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር እጄን ነው የማየው።

«ጓንጉልዬ፣ እባክህ ጣለው» አሉ እማማ የሻረግ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

አልጣለውም። እሳቸውም ከዚያ በኋላ አልለመኑትም። ነጠላቸውን ሰብስበው ትከሻቸው ላይ ጣሉ፤ ፊታቸውን ከከተማው ወደ ባሕሩ አዞሩ። የመጣው ማዕበል ከፍተኛ ነበር፤ ሊቀ ዳርቻውም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ውሃው ሲመለስ እማማ የሻረግ የቆሙበት ቦታ ባዶ ነበር።

ጓንጉል ዘንጉን የጣለው ያን ጊዜ ነው። እያነከሰ፣ እየወደቀ እስከ አንገቱ ገባ፤ በሁለት እጁ ውሃውን በረበረ፤ «እማማ! እማማ!» እያለ ጮኸ። ውሃው እሱንም ሊወስደው ሲል ሁለት ሽማግሌዎች ጎትተው አወጡት። ሊቀ ዳርቻው ጥቂት ቆመው አዩና ለልሳኑ «በዳርቻው ላይ ጫማ አልተገኘም ብለህ ጻፍ» ብለውት ሄዱ። ልሳኑ ጻፈ። 

ጓንጉል አሸዋው ላይ ተነሥቶ ቆመ። ቆቡን ውሃው ወስዶታል። ሕዝቡ ይጠብቃል። ባሕሩ ጫማውን ወስዷል፤ በልማዱ ለቅሶ መጀመር አለበት፤ ግን የምትጀምረው እናት የለችም፤ ሌላም የሥጋ ዘመድ የለም። ስለዚህ ጓንጉል ራሱ አፉን ከፈተ።

«ቢያድግልኝ ሞቷል» አለ። «እማማ የሻረግም ሞተዋል። ዘንጉን እጥላለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር፤ አልጣልኩም።»

በከተማዋ የሰው አፍ መርዶ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር። ሴቶቹ አላለቀሱም። ቀስ በቀስ ቀርበው ከበቡትና አፉን አፉን ያዩት ጀመር። ትጓደድ ነበረች የቀደመችው።

«የኔስ ሰውዬ?» አለችው።

ጓንጉል አያት። «አላውቅም» አላት። «ጫማውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ባሕሩ አላገኘውም።»

«የኔስ?» አለች ሌላዋ።

«አላውቅም።»

«የኔስ ልጅ? ትልቁ?»

ለሁሉም አላውቅም እያለ መለሰ። እያንዳንዷ ስትጠይቀው ዓይኗን እያየ ነው የመለሰላት። እስኪጨልም ቆሞ መለሰ።

በማግሥቱ በእማማ የሻረግ ደጅ ድንኳን ተተከለ። ይህን የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ ባሕሩ ጫማውን የወሰደው በሊቀ ዳርቻው ፊት ነውና። መጀመሪያ ጎረቤት መጣ፤ ቀጥሎ ሰፈር መጣ፤ በሦስተኛው ቀን በከተማዋ እሳት ያነደደ ቤት አልነበረም። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ለቅሶው ሲወጣ እንዲህ ነበር፤ አንዷ «ቢያድግልኝ፣ የሦስት ልጆች አባት» ትላለች፤ ቢያድግልኝ ግን ሚስት አላገባም ነበር። ሌላዋ «ቢያድግልኝ፣ ጢምህ መሸበት ሲጀምር» ትላለች፤ ቢያድግልኝ ጢም አላበቀለም። ትጓደድ ደረቷን እየመታች «ቢያድግልኝ፣ ልጅህ ጥርስ አወጣ፤ ቢያድግልኝ፣ ልጅህ መዳህ ትቶ ቆመ» ትል ነበር። ያረማት ሰው የለም። የተፈቀደ ስም አንድ ብቻ ነበርና ሁሉም በእሱ አለቀሱ። ሁለት ዓመት ሆዳቸው ውስጥ የቆየው እንባ ሰባት ቀን አልበቃውም።

ሊቀ ዳርቻው በሰገነታቸው ላይ ሆነው ሰሙ። ቁርሳቸው ቀዘቀዘ። ልሳኑን ጠርተው «ሂድና አጣርተህ ና» አሉት። «ይህ ቢያድግልኝ የሚሉት ልጅ ስንት እናት ነበረው?»

ልሳኑ ወረደ። ጓንጉል ድንኳኑ ደጅ ባዶ እግሩን ቆሞ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነው የቆመው። ሂድ ያለው የለም፤ ግባና ተቀመጥ ያለውም የለም።

«ሊቀ ዳርቻው ይጠይቃሉ» አለ ልሳኑ። «ይህ ልጅ ስንት እናት ነበረው?»

«መቶ አሥራ ሁለት» አለ ጓንጉል።

ልሳኑ ቁጥሩን ያውቀው ነበር፤ ዕቃ ቤት ሲገቡ የመዘገበው እሱ ነው። ሊጽፍ ብዕሩን አወጣና ሳይጽፍ ቆየ። ድንኳኑ ውስጥ ትጓደድ «ቢያድግልኝ» ትላለች።

«አንድ ጨምርበት» አለ ልሳኑ። «የወንድሜን ጫማ አላወጣሁም ነበር። ይነሣል ብዬ፣ እንጀራዬም ይነሣል ብዬ ደበቅሁት። እናቴ ቁርጧን ሳታውቅ ሞተች።»

ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ወደ ሰገነቱ አልተመለሰም፤ ጎንበስ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ሴቶቹም ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ጥቂት ቆይቶ ከሌሎቹ መሐል የእሱም ድምፅ ተሰማ፤ «ወንድሜ ቢያድግልኝ» ይል ነበር። ጓንጉል ደጁ ላይ እንደቆመ ሰማው።